የአሮጌ ፒክአፕ ባትሪ፦ ከመንገጫገጭም ከሌባም አጥብቆ ማሰር

አሮጌ ፒክአፕ ላይ ኮፈኑን ስትከፍቱ ባትሪው በሲባጎ፣ በጎማ ላስቲክ ወይም በተጠማዘዘ ሽቦ ታስሮ ማግኘት የተለመደ ነው። ዋናው የማሰሪያ ብረት አንድ ቀን ባትሪ ሲቀየር ሳይመለስ ቀርቷል፤ ወይም መቀመጫው በአሲድ ተበልቶ ማሰሪያው የሚነክስበት ቀዳዳ ጠፍቷል። ብዙ ባለመኪና የሚፈራው ሌባን ብቻ ስለሆነ በያጅ ጋ ይሄድና ወፍራም የብረት ሳጥን በቁልፍ ያሠራል። ሳጥኑ ውስጥ ግን ባትሪው እንደ ድሮው ይንቀሳቀሳል። ሥራው መጀመር ያለበት ከታች ነው፦ መጀመሪያ መቀመጫው፣ ቀጥሎ ማሰሪያው፣ ቁልፉ በመጨረሻ።

ልቅ ባትሪ ለምን ቶሎ እንደሚሞት ማወቅ ይጠቅማል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ውስጥ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ በየክፍሉ የእርሳስ ሳህኖች ተደርድረዋል። ኤሌክትሪኩን የሚይዘው በሳህኖቹ ላይ የተለጠፈው ንጥረ ነገር ሲሆን ባትሪው በተንገጫገጨ ቁጥር እየተላቀቀ ከታች ይጠራቀማል። ዝቃጩ ሁለት ሳህኖችን ካገናኘ ያ ክፍል ይሞታል። እያንዳንዱ ክፍል ወደ 2.1 ቮልት ስለሚሰጥ ሙሉ የነበረው 12.6 ቮልት ወደ 10.5 አካባቢ ይወርዳል። «ትናንት ማታ ደህና ነበር፣ ዛሬ ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው) እንቢ አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የአዲስ አበባ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ደግሞ ኮብልስቶን ይበዛዋል። ኮብልስቶን እንደ ጉድጓድ አንድ ጊዜ መትቶ አይለቅም፤ ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጣል። ጭነት የሌለው ፒክአፕ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ሞላ) ስለማይለዝብ የበለጠ ይዘላል። ከዚህም የከፋ አለ፦ ልቅ ባትሪ በጉድጓድ ላይ ጋደል ብሎ የፖዘቲቭ ራሱ ኮፈኑን ወይም ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን የጎን ብረት) ከነካ በዚያው ቅጽበት እሳት ነው።

መፍታት

ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ከመኪናው አውጡ። ጓንትና የዓይን መነጽር አድርጉ፤ የአሲድ ጠብታ ልብስ ላይ ወዲያው አይታይም፣ ሲታጠብ ነው ቀዳዳ ሆኖ የሚወጣው። ቶዮታ ላይ ተርሚናሉም (በባትሪው ራስ ላይ የሚጠብቀው የገመዱ ጫፍ) ማሰሪያውም አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቁጥር መፍቻ ቁልፍ ይፈታል፤ የተቀየረ ተርሚናል ከሆነ 12 ወይም 13 ያዙ።

ሁልጊዜ ኔጋቲቩ አስቀድሞ ይፈታል፣ ሲመለስ ደግሞ መጨረሻ ይታሰራል። የኔጋቲቩ ገመድ ከመኪናው አካል ጋር ተያይዟል። ኔጋቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻ ቁልፋችሁ ፓራፋንጎውን ከነካ ቁልፉ ራሱ ሽቦ ይሆናል፣ ይግላል፣ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ኔጋቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ግን ቁልፉ የመኪናውን አካል ቢነካ ምንም አይፈጠርም፤ ሁለቱን የባትሪ ራሶች ግን በአንድ ጊዜ አያገናኝ። ቀለበትና የእጅ ሰዓትም አውልቁ።

ተርሚናሉ አልወጣ ካለ በካቻቢቴ ከታች አትፈልቅቁት፣ በመዶሻም አትምቱት። የባትሪው ራስ ለስላሳ እርሳስ ነው፤ ሥሩ ላይ ከተሰነጠቀ አሲድ ከዚያ ማልቀስ ይጀምራል፣ አይጠገንም። ብሎኑን አላልታችሁ፣ የተርሚናሉን አፍ በካቻቢቴ ትንሽ ከፍታችሁ፣ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ባትሪውን ስታወጡ ከሥሩ በሁለት እጅ ያዙ፤ ለናፍጣ ፒክአፕ የሚሆነው ከ17 እስከ 23 ኪሎ ይመዝናል።

መቀመጫው

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ችግሩ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ነውና። ባትሪው ሲነሳ ላሜራው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት፣ ከሥሩም ቅርፊት ቅርፊት የሆነ ዝገት ታያላችሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት። አሲድ ካለ እየተንሿሿ ነጭ አረፋ ይነሳል። አረፋው ሲቆም አዲስ አፍስሱ፤ ምንም ካልተነሳ አሲዱ አልቋል ማለት ነው፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። የባትሪውን ጎንና አናትም በዚሁ ውሃ በጨርቅ መጥረግ ይቻላል፤ ግን ክዳኖቹ በደንብ መዘጋታቸውን አረጋግጡ። ሶዳው ወደ ውስጥ ከገባ የባትሪውን አሲድ ያበላሻል።

ሲደርቅ በካቻቢቴ ጫፍ ላሜራውን ወጋ ወጋ አድርጉት። ድምፁ ደረቅ ከሆነና ካልገባ በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ ሁለት እጅ ፀረ ዝገት፣ ከላዩ የዘይት ቀለም ቀቡት፤ ይበቃል። ከገባ መቀመጫው አልቋል። ከዕቃ መለዋወጫ ሰፈሩ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ መፈለግ ይቻላል። ካልሆነ በያጅ በ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ያሠራላችኋል። ስታሠሩ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ አራቱም ጠርዝ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ይታጠፍ፤ ባትሪው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ማሰሪያው ሳይሆን ይህ ጠርዝ ነው። ሁለተኛ፣ ከሥሩ ውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ይኑሩት። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በኮፈኑ ጠርዝ ይገባል፤ የተኛ ውሃ ከአሲድ ጠብታ ጋር ላሜራውን ይበላዋል። በላዩ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ቀዳዳዎቹን ግን አትድፈኑ።

ብየዳ ካለ ባትሪው ከመኪናው ወጥቶ ራቅ ይበል፣ ባትሪውን የሚሞላው የአልተርኔተሩም ሽቦ ይነቀል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ የብየዳ ብልጭታ ካገኘው ይፈነዳል፣ የሚረጨውም አሲድ ነው። የብየዳው ጅረት በበኩሉ የአልተርኔተሩን ዳዮዶች ያቃጥላል። ሥራው ሲያልቅ መኪናው ተነስቶ ባትሪው ካልሞላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። የብየዳው መሬት መያዣም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይነክስ እንጂ ሞተር ላይ አይታሰር።

የባትሪው ልክ

መቀመጫው ለአንድ ልክ ተሠርቶ ባትሪው ሌላ ከሆነ ማሰሪያ አይረዳም። በጃፓን ኮድ 80D26L የሚል ባትሪ ብንወስድ D የጎኑን ስፋት ይነግራል፣ 173 ሚሊ ሜትር ነው፤ 26 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ነው፤ L ወይም R ደግሞ ራሶቹ የተቀመጡበትን አቅጣጫ ያሳያል። ራሶቹ ያሉበትን ጎን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ስታዩ፣ L ከሆነ ፖዘቲቩ በቀኝ፣ R ከሆነ በግራ ነው። አቅጣጫው የተሳሳተ ከተገዛ ገመዱ አይደርስም፤ ተስቦ የታሰረ ገመድ ደግሞ የባትሪውን ራስ ቀን ከሌሊት ይጎትታል። የራሱም ውፍረት ይለያያል፤ ቀጭን ራስ ባለው ባትሪ ላይ ሰፊ ተርሚናል ገብቶ በቆርቆሮ ወይም በሚስማር ሲሞላ ይታያል። ይህን አታድርጉ። የእርሳስ ቀለበት አለ፣ እሱን አስገቡ። ለትንሽ ባትሪ ከሥሩ እንጨት መደርደርም መፍትሔ አይሆንም፤ እንጨቱ አሲድ ጠጥቶ ይበሰብስና ሁሉም እንደገና ልቅ ይሆናል።

ማሰሪያው

የመኪናው ኦሪጅናል ማሰሪያ ሁለት እንደ ቀሚስ መስቀያ የታጠፉ ባለ ጥርስ ዘንጎችና አንድ አግዳሚ ብረት ነው። ከጠፋ ማሠራት ቀላል ነው። ለ173 ሚሊ ሜትር ስፋት፦

አግዳሚው 25 በ25 በ3 ሚሊ ሜትር አንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት)፣ ርዝመቱ 220 ሚሊ ሜትር፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል ለመሃል 190 ሚሊ ሜትር ተራርቀው በ7 ሚሊ ሜትር ይበሱ። ዘንጎቹ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ፣ ከታጠፈው ጫፍ እስከ አናት 240 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ ከታሰሩ በኋላ ከዳዶው በላይ ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ትርፍ ቢኖር በሰጌቶ ቁረጡት፣ ኮፈን እንዳይነካ። በያንዳንዱ ላይ ሮንዴላ፣ የሞላ (ስፕሪንግ) ሮንዴላና ዳዶ።

አግዳሚው የሚያርፈው በባትሪው ትከሻ ላይ እንጂ በውሃ መሙያ ክዳኖቹ ላይ አይደለም፤ ከፖዘቲቩ ራስ ቢያንስ 30 ሚሊ ሜትር ይራቅ። አሮጌ የራዲያተር ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ አልብሱት። ለፖዘቲቩም የላስቲክ ሽፋን ካልነበረው ሥሩለት።

ስታጠብቁ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ግማሽ ዙር በዚህ፣ ግማሽ ዙር በዚያ። አግዳሚው መንቀሳቀስ ሲያቆም በአጭር ቁልፍ ሩብ ዙር ጨምራችሁ ተዉት። እጅግ ማጥበቅ እንደ ማላላቱ ይጎዳል፦ ፕላስቲኩ ይጎብጣል፣ የክዳኑ ስፌት ይከፈታል፣ አሲድ በጠርዙ ላብ መስሎ ይወጣል። ፈተናው ቀላል ነው። ባትሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወዘወዙት፤ መኪናው አብሮ ከተወዛወዘ ታስሯል፣ ባትሪው ብቻ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም።

ከዚያ ተርሚናሎቹን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ጠርጉ፣ ፖዘቲቩን መጀመሪያ አስገቡ፣ ሁለቱንም አጥብቁ፣ ከላያቸው ግሪስ ቀቡ። ተርሚናሉ በእጅ ሲጠመዘዝ ከዞረ አልጠበቀም። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ናፍጣ ሞተር ካንዴሌታውም (ሞተሩን ቀድሞ የሚያሞቀው) ሞተሪኖውም አንድ ላይ ብዙ ስለሚስቡ ልቅ ወይም የቆሸሸ ተርሚናል ጠዋት ነው የሚጋለጠው። ለማረጋገጥ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ በባትሪው ራስ ላይ፣ ሌላውን በተርሚናሉ ላይ አድርጋችሁ ሰው ሞተሪኖውን ያዙርላችሁ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ እንደገና ይጠረግ። ሞተሩ ሲነሳ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መታየት አለበት። ከ14.8 በላይ ከሄደ ባትሪው ይፈላል፤ መቀመጫውን የበላው አሲድም ከዚያ ሊሆን ይችላል። ሬጉላተሩ (የአልተርኔተሩን ቮልት የሚቆጣጠረው) ሳይስተካከል አዲስ መቀመጫ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሌባ

ፒያሳ፣ ተክለ ሃይማኖት ወይም መርካቶ ዙሪያ ግቢ የሌለው መኪና መንገድ ዳር ያድራል። ሌባ የሚፈልገው ድምፅ የሌለውና ፈጣን ሥራ ነው፤ የእናንተ ሥራ ማዘግየት ነው። መጀመሪያ ኮፈኑ። በአሮጌ ፒክአፕ ላይ የኮፈኑ መክፈቻ ገመድ ከፊት ፍርግርግ ጀርባ በግልጽ ይታያል፤ እጅ ከገባ ይሳባል። በገመዱና በመቆለፊያው ላይ በ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከለላ አሠሩ። ከዚያ በላይ ከተፈለገ ከኮፈኑ ውስጠኛ አጥንትና ከራዲያተሩ መያዣ ላይ አንዳንድ ቀለበት አስበይዳችሁ አጭር ሰንሰለት በጓጉንቸር እሰሩ።

ለባትሪው ራሱ ዝግ ሳጥን አልመክርም። ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ውሃውን ማየት አይቻልም። የሚሻለው ከላይ ባለው አግዳሚ ላይ 40 በ5 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት መጨመር ነው፦ በአንድ ጫፉ ከመቀመጫው በተበየደ መንጠቆ ውስጥ ይገባል፣ በሌላው ጫፍ ወደ ታች ታጥፎ በጓጉንቸር ይቆለፋል። ይህ ብረት ያጠበቃችሁትን ማሰሪያ አይተካም፤ በላዩ የሚጨመር ነው። የጓጉንቸሩ አንገት ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ መቁረጫ እንዳይነክሰው ወደ ፓራፋንጎው ተጠግቶ ይቀመጥ፣ የቁልፍ ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር፤ ዝናብ ከገባ ዝጎ እናንተንም አይከፍትላችሁም። በየሁለት ወሩ ጠብታ ዘይት።

የሰሌዳ ቁጥር በባትሪው ላይ በጋለ ሚስማር የሚጽፉ አሉ። የባትሪው ግድግዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ ቢበሳ አለቀ። በማይለቅ ቀለም በሁለት ጎን ጻፉ፣ በፋብሪካ የታተመበትን ቁጥርም ከደረሰኙ ጋር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ንኩ፤ አዲስ ላስቲክ ስለሚተኛ ትንሽ ይላላሉ። ከዚያ በየዘይት ቅየራው ይበቃል። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ይሁን፣ 10 ቁጥር መፍቻውም ከሾፌሩ በር ኪስ አይውጣ፤ ከኮፈኑ ጭስ ሲወጣ ኔጋቲቩን ለመፍታት ያላችሁ ጊዜ ሰከንዶች ነው።