ክሬዲታችሁ ተበላሽቶ ብድር ስትፈልጉ

የኔ ክሬዲት (የብድርና የዕዳ አከፋፈል ታሪኬ) የተበላሸው በስልክ ቢል ነው። ቤት ስቀይር ስልኩን ዘጋሁት። የመጨረሻዋ ቢል ግን በድሮው አድራሻዬ ስትመላለስ ቆይታ፣ ሳላያት ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ጋ) ገባች። ይህን ያወቅኩት መኪና ልገዛ ዲለር ቤት ቁጭ ብዬ ነው። "ስኮርህ 548 ነው፤ ግን አታስብ፣ እናስተካክልልሃለን" አለኝ ሻጩ። እንዴት እንዳስተካከለልኝ እመጣበታለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ስኮር፣ ማለትም ለክሬዲታችሁ የሚሰጠው ነጥብ፣ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከ580 በታች ከሆናችሁ ብዙ አበዳሪ ፊት ይነሳችኋል፤ የቀረው ወለዱን ይቆልልባችኋል። ቢሆንም መንገድ አለ።

1. ሪፖርታችሁን አውጡ

አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ የሦስቱን ክሬዲት ቢሮዎች (የብድር ታሪክ መዝጋቢ ድርጅቶች)፣ ማለትም የኢኩፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት በየሳምንቱ በነጻ ታገኛላችሁ። የካርድ ቁጥር ከጠየቃችሁ የገባችሁት ሌላ ገጽ ነው፤ ውጡ። ሦስቱንም አንብቡ። የኛ ሰው ስም በእንግሊዝኛ አንዴ በአንድ ፊደል፣ አንዴ በሁለት ይጻፋል፤ የሌላ ሰው ዕዳ እናንተ ላይ ተለጥፎ እንዳይሆን። ስህተት ካለ ራሳችሁ ዲስፒዩት አድርጉ፣ ማለትም ለቢሮው ተቃውሞ አቅርቡ። ነጻ ነው፣ መልሱም ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ይመጣል። "ክሬዲት እናጸዳለን" ለሚሉት ገንዘብ አትስጡ። እነሱ የሚጽፉትን ደብዳቤ እናንተም ትጽፉታላችሁ።

2. የካርድ ዕዳችሁን ቀንሱ

ስኮራችሁ እንዲሻሻል፣ ጊዜ ካላችሁ ብድር ከመጠየቃችሁ በፊት አድርጉት።

3. መጀመሪያ ክሬዲት ዩኒየን ሂዱ

ክሬዲት ዩኒየን የአባላቱ የሆነ የቁጠባና ብድር ተቋም ነው። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች በአብዛኛው ብድር ላይ ከ18 በመቶ በላይ ወለድ አይጠይቁም። አንዳንዶቹ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድር አላቸው፤ የሱ ጣሪያ 28 በመቶ ነው። ከፍ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ፔይዴይ ሎን (ደሞዝ እስኪወጣ የሚሰጥ አጭር ብድር) ለሁለት ሳምንት ከ100 ዶላር ላይ 15 ዶላር ሲወስድ፣ በዓመት ሲሰላ 400 በመቶ ገደማ ነው። እኔ ጠላቴንም እዚያ አልልክም።

4. ስለ ወር ክፍያ አታውሩ

እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። ሻጩ "በወር ስንት ትችላለህ?" አለኝ። "300" አልኩት። ያቺን ቁጥር ከሰማ በኋላ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ወጣ፣ ገባ፣ ቡና አመጣልኝ፣ ከዚያ 294 ዶላር የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ቤት ገብቼ ሳነበው ያልጠየቅኩት ዋራንቲ (የጥገና ዋስትና) ተጨምሮ ብድሩ 12,000 ደርሷል። ወለዱ 21 በመቶ፣ ጊዜው 72 ወር። ስደምረው 21,200 ዶላር ገደማ ነው። ያንኑ 12,000 በ18 በመቶ ለ48 ወር ብበደር በወር 352 እከፍል ነበር፤ ጠቅላላው ግን 17,000 አይሞላም። የወሯን 58 ዶላር ለማዳን ብዬ ከ4,000 በላይ ከሰርኩ።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ኮንትራቱ ላይ ያሉትን ሳጥኖች ፈልጉ። ሕጉ ስለሚያስገድድ አይቀሩም። ኤፒአር የሚለው የብድሩ ዓመታዊ ዋጋ በመቶኛ ነው። ቶታል ኦፍ ፔይመንትስ የሚለው ደግሞ መጨረሻ ላይ ከኪሳችሁ የሚወጣው ጠቅላላ ነው። ጣታችሁን እሱ ላይ አድርጋችሁ "ይህ ለምን ይህን ያህል ሆነ?" በሉ። ሻጩ ከተቆጣ ተነሱ። ዲለር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ከክሬዲት ዩኒየን ፕሪአፕሩቫል (ቅድሚያ የብድር ፈቃድ) ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ወሬው ሁሉ ይቀየራል። ብዙ ቦታ መጠየቅ ስኮር ያወርዳል ብላችሁም አትፍሩ። የመኪና ብድር ጥያቄዎች በ14 ቀን ውስጥ ከሆኑ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

5. ኮሳይን እና ዕቁብ

ጥሩ ክሬዲት ያለው ጓደኛ ኮሳይን ቢያደርግላችሁ፣ ማለትም ዋስ ሆኖ አብሯችሁ ቢፈርም፣ ወለዱ ሊወርድ ይችላል። ግን እናንተ ካልከፈላችሁ ሙሉውን ዕዳ እሱም ይጠየቃል፣ ክሬዲቱም አብሮ ይበላሻል። እኔ በዚህ ሰው ማስቸገር አልወድም። ከዚህ ዕቁብ ይሻለኛል። የዕቁብ ዳኛ ስኮር አይጠይቅም፤ ዋስ ግን ይጠይቃል። የቀደመ ዕጣ ከደረሳችሁ ያለ ወለድ ዳውን ፔይመንት (መኪናው ሲገዛ መጀመሪያ የሚከፈለውን) አገኛችሁ ማለት ነው። ክሬዲት ቢሮዎቹ ግን ዕቁብ መክፈላችሁን አያዩትም፤ በዕቁብ ስኮር አይገነባም።

ብድሩ ሳይለቀቅ በፊት "ቅድሚያ ክፍያ ላኩ" የሚል ስልክ ከመጣላችሁ ሌባ ነው፣ ዝጉት።

6. ከተበደራችሁ በኋላ

አውቶ ፔይ አብሩ፣ ክፍያው በየወሩ በራሱ ከባንክ ይቆረጥ። ክፍያ 30 ቀን ካለፈው ሪፖርት ይደረጋል፣ ለሰባት ዓመትም ይቀመጣል። በየወሩ በሰዓቱ ከከፈላችሁ ከዓመት በኋላ ስኮራችሁን አይታችሁ ሪፋይናንስ (ብድሩን ወለዱ ባነሰ አዲስ ብድር መተካት) ጠይቁ። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንደሌለው ብቻ ኮንትራቱን ተመልከቱ። እኔ በ14ኛው ወር አንድ ክሬዲት ዩኒየን ሄጄ ያንን 21 በመቶ ወደ 11 አወረድኩት። ዋራንቲውንም ሰረዝኩት፤ ከገንዘቡ የተወሰነው ተመለሰልኝ።