ማውንቴን ብስክሌትን ለዕለት ተዕለት የከተማ ጉዞ፦ የአስፋልት ጎማ እንዴት እንደሚመረጥ

ማውንቴን ብስክሌት ከፋብሪካ ሲወጣ የሚገጠምለት ጎማ ለጭቃ፣ ለድንጋይና ለልቅ አፈር የታሰበ ነው። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ኢንችና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ጥርሶቹም ረጃጅምና የተራራቁ ናቸው። እነዚህ ጥርሶች ለስላሳ አፈር ውስጥ እየሰመጡ መሬቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ። አስፋልት ላይ ግን የሚሰምጡበት ነገር ስለሌለ፣ እያንዳንዱ ጥርስ በነጂው ክብደት ተጭኖ ይጎብጣል፣ ተመልሶም ይቃናል፤ በዚህ ሁሉ መጎበጥና መቃናት የሚባክነው ጉልበት ከነጂው እግር የመጣ ነው። ጎማው ሲሄድ የሚያሰማው ጉርምርምታም የዚሁ ብክነት ምልክት ነው። ስለዚህ ብስክሌቱን በዋናነት ወደ ሥራ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ለመመላለስ የሚጠቀምበት ሰው፣ ሌላ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ጎማውን ቢቀይር ለገንዘቡ ከሁሉ የተሻለ ለውጥ ያገኛል።

ምርጫው ግን በልምድ እንደሚደረገው በመልክ ወይም በቅጥነት መመራት የለበትም። ጎማ የሚመረጠው በየዕለቱ ከሚያልፉበት መንገድ ውስጥ ከሁሉ የከፋውን ክፍል መነሻ በማድረግ ነው፤ መልካም አስፋልት በየትኛውም ጎማ ይታለፋልና።

በመጀመሪያ መንገድዎን ይመርምሩ

አዲስ አበባን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ በኩል ወደ ቦሌ የሚወርድ ሠራተኛ፣ አብዛኛው መንገዱ አስፋልት ነው። ነገር ግን ከቤቱ እስከ ዋናው መንገድ ኮብልስቶን ሊገጥመው ይችላል፤ የመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ደግሞ ገና ያልተነጠፈ ፒስታ ሊሆን ይችላል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ለጎማ ምቹ ናቸው፤ ይሁን እንጂ መስመሩ ባለቀበት ቦታ ነጂው ወደ ተራው መንገድ መመለሱ አይቀርም። ይህንን መንገድ አንድ ቀን ቀስ ብለው እየሄዱ ያጥኑት። ስንት ቦታ ላይ ጉድጓድ እንዳለ፣ ኮብልስቶኑ የተስተካከለ ወይም የተነቃቀለ መሆኑን፣ በተለይም የፍሳሽ ማስወገጃ ፍርግርጎቹ ብረት ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ቀጭን ጎማ እንዲህ ባለ ፍርግርግ ውስጥ ከገባ ነጂውን በፊት ለፊቱ ይጥለዋል።

ፒስታው ከጉዞዎ ትንሽ ክፍል ብቻ ከሆነ የአስፋልት ጎማ በደንብ ይበቃዎታል። ግማሽ ያህሉ ያልተነጠፈ ከሆነና በክረምት ጭቃ የሚሆን ከሆነ ግን፣ መሀሉ ልሙጥ ሆኖ ዳርና ዳሩ ላይ ጥርስ ያለው ጎማ ይሻላል።

ልኩን ከጎማው ጎን ላይ ያንብቡ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በጎማው ጎን ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው በኢንች የሚነገረው የተለመደ ስም ነው፤ ለምሳሌ 26×1.75። ሁለተኛው በሰረዝ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ያሉት ነው፤ ለምሳሌ 47-559። ይህ አጻጻፍ አይኤስኦ 5775 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተደነገገ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ንፋስ የተሞላውን ጎማ ስፋት፣ ሁለተኛው ደግሞ ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ክብ ዲያሜትር በሚሊሜትር ያመለክታል። ስፋቱን በተወሰነ ገደብ ውስጥ መቀየር ይቻላል፤ ሁለተኛው ቁጥር ግን ከቸርኬዎ ጋር አንድ ዓይነት ካልሆነ ጎማው በፍጹም አይገጥምም።

የተለመደው ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ብስክሌት 559 ነው። ባለ 27.5 ኢንቹ 584፣ ባለ 29 ኢንቹ ደግሞ 622 ነው። ይህ 622 የሚለው ልክ 700ሲ ተብሎ ከሚታወቀው የኮርስና የከተማ ብስክሌት ልክ ጋር አንድ በመሆኑ፣ ባለ 29 ኢንች ብስክሌት ያለው ሰው ለከተማ ብስክሌት ከተሠሩት ጎማዎች ስፋቱ የሚስማማውን መርጦ መግጠም ይችላል።

በኢንቹ ስም ብቻ የሚገዛ ሰው ሊሳሳት የሚችለው፣ 26 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ሁሉ አንድ ልክ ስላልሆነ ነው። ስፋቱ በነጥብ የተጻፈው 26×1.75 ለማውንቴን ብስክሌት ሲሆን፣ በክፍልፋይ የተጻፈው 26×1⅜ ግን ለቆዩ የከተማ ብስክሌቶች የተሠራና ዲያሜትሩ 590 ሚሊሜትር የሆነ ሌላ ጎማ ነው። የሁለቱ ልዩነት ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ነው። ወደ መርካቶ ሲሄዱ በሰረዝ የተለያየውን ቁጥር ከአሮጌው ጎማዎ ላይ ገልብጠው፣ ወይም በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይሂዱ፤ ሻጩ «ያው ነው» ቢልዎትም ቁጥሩን ራስዎ ያመሳክሩ።

ስፋቱን ይወስኑ

ለከተማ ጉዞ በማውንቴን ቸርኬ ላይ የሚገጠመው ጎማ ስፋት በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 2 ኢንች፣ ማለትም ከ38 እስከ 50 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ የቀጠነ፣ ለምሳሌ ባለ 1.25 ኢንች ጎማም ይገኛል፤ በተስተካከለ አስፋልት ላይም ፈጣን ነው። እኔ ግን ኮብልስቶንና ጉድጓድ ላለበት ከተማ አልመርጠውም። ቀጭን ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ ጉድጓድ ሲመታ ጎማው እስከ ቸርኬው ድረስ ይጨፈለቃል፤ በመሀል የተያዘው ከመነዳሪም (በጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው የላስቲክ ቱቦ) ጎን ለጎን በሁለት ቦታ ይቀደዳል። ይህ እንዳይሆን ንፋሱን ቢያበዙት ደግሞ ብስክሌቱ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ እየነጠረ እጅና ወገብ ያደክማል። ሲነጥር የሚባክነውም ጉልበት ነው፤ ስለዚህ በሻካራ መንገድ ላይ ሰፋ ያለና መጠነኛ ንፋስ ያለው ልሙጥ ጎማ ከቀጭኑና ከደረቁ ጎማ ላይዘገይ ይችላል።

ቸርኬውም የራሱ ገደብ አለው። የቸርኬውን የውስጥ ስፋት በማስመሪያ ይለኩ። በጥቅሉ የጎማው ስፋት ከዚህ ልክ 1.4 እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል። የውስጥ ስፋቱ 19 ሚሊሜትር የሆነ የቆየ ቸርኬ ባለ 38 ሚሊሜትር ጎማን ያለ ችግር ይይዛል፤ 30 ሚሊሜትር ለሆነው አዲስና ሰፊ ቸርኬ ግን ከ42 ሚሊሜትር በታች መውረድ አይመከርም። ጎማው ከሚገባው በላይ ከቀጠነ ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬው ራሱ ይጎዳል።

ስፋትን ለመወሰን የሚቸገር የአዲስ አበባ ነጂ 1.75 ኢንች ቢመርጥ አይቆጭም።

ጥርስና የመበሳት መከላከያ

በመኪና ጎማ ላይ ሊሾ መሆን አደጋ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ልሙጥ የብስክሌት ጎማ በዝናብ ያንሸራትታል ብሎ ይፈራል። ብስክሌት ግን በሚሄድበት ፍጥነት ጎማው በውሃ ላይ አይንሳፈፍም፤ ቀጭን፣ ክብና ከፍተኛ ግፊት ያለው ስለሆነ ውሃውን ወደ ጎንና ጎን ገፍቶ አስፋልቱን ይነካል። እርጥብ አስፋልት ላይ የሚይዘው ላስቲኩ መንገዱን የሚነካበት ስፋትና የላስቲኩ ልስላሴ ነው፤ ረጃጅም ጥርሶች ደግሞ ይህንን የሚነካ ስፋት ይቀንሳሉ፣ በኩርባም ላይ ይተጣጠፋሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ከእንጦጦ አቅጣጫ ወደ ታች የሚወርድ ነጂ ልሙጥ ጎማ ይዞ በአስፋልቱ ላይ ከቀድሞው የተሻለ ይቆጣጠራል። ጭቃ የለበሰ ኮብልስቶን ግን ሌላ ነገር ነው፤ በየትኛውም ጎማ ያንሸራትታልና እዚያ ላይ መፍትሔው ቀድሞ ፍጥነት መቀነስና ሳይታጠፉ በቀጥታ ማለፍ ነው።

ግንባታ በበዛበት ከተማ የነጂው ዋና ጠላት ምስማር፣ የጠርሙስ ስብርባሪና ከተበሉ የመኪና ጎማዎች የሚወጣ ቀጭን ሽቦ ነው። ስለዚህ ከላስቲኩ ሥር የመበሳት መከላከያ ድርብ ያለውን ጎማ ይፈልጉ። መከላከያው ከጠንካራ ጨርቅ የተሠራ ቀጭን ሊሆን ይችላል፤ ወይም ወፍራም ላስቲክ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የጀርመኑ ሽዋልበ «ማራቶን ፕላስ» በተባለው ጎማው ውስጥ የሚያስገባው የላስቲክ ድርብ 5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። እንዲህ ያለ ጎማ ይከብዳል፤ ዳገት ላይም ክብደቱ ይታወቃል። ሆኖም በሰዓቱ ሥራ መግባት ላለበት ሰው፣ ጥቂት መቶ ግራም መሸከም በመንገድ ዳር ጎማ ፈትቶ ከማስቲሽ ጋር ከመታገል ይቀላል።

የሚገዙትን ጎማ በእጅዎ ጎንበስ አድርገው ጎኑን ይመርምሩ። ለረጅም ጊዜ በፀሐይ የቆየ ጎማ አዲስ ቢሆንም ቀጫጭን ስንጥቆች ይታዩበታል፤ እንዲህ ያለውን በርካሽም ቢሆን አይውሰዱ። ሁለት ተመሳሳይ ጎማዎች ካገኙ ደግሞ በጎኑ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ መስመር ያለውን ይምረጡ፤ ማታ መስቀለኛ መንገድ ሲያቋርጡ ሾፌሮች ከጎን እንዲያዩዎት ይረዳል።

ከመነዳሪውና ቫልቩ

የቀድሞው ከመነዳሪ ለሰፊ ጎማ የተሠራ ስለሆነ በጠባቡ ውስጥ ተጣጥፎ፣ በታጠፈበት ቦታ ሊቀደድ ይችላል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የስፋት ገደብ የአዲሱን ጎማ ስፋት የሚያካትት መሆኑን ያረጋግጡ። ቫልቩ እንደ መኪና ጎማ ወፍራሙ ቢሆን ይመረጣል፤ በየሰፈሩ ያለው ጎሚስታ ያለ ተጨማሪ ዕቃ ሊሞላልዎት ይችላልና። ቀጭኑ ቫልቭ ማስማሚያ ይፈልጋል፤ ደግሞም ለወፍራሙ ቫልቭ በተበሳ ቸርኬ ላይ ይወዛወዛል።

መግጠምና ንፋስ መሙላት

አሮጌው ጎማ ሲወጣ የቸርኬውን ውስጥ ይመልከቱ። የራጂዎቹን ቀዳዳ የሚሸፍነው ሪባን የተንሸራተተ ወይም የተቀደደ ከሆነ ይቀይሩት። የአስፋልት ጎማ ከቀድሞው የበለጠ ንፋስ ስለሚይዝ፣ ቀድሞ ችግር ያልፈጠረው ክፍት ቀዳዳ አሁን ከመነዳሪውን ከውስጥ በኩል ሊያፈነዳው ይችላል። በጎማው ጎን ላይ የአቅጣጫ ቀስት ካለ ወደ ፊት የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ተከትለው ይግጠሙት። ከመነዳሪውን ክብ ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ትንሽ ነፍተው ያስገቡ፤ የጎማውን ጠርዝ የመጨረሻ ክፍል በእጅ አውራ ጣት እንጂ በካቻቢቴ አይግፉት።

ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ለሆነ ሰው፣ ባለ 47 ሚሊሜትር ጎማ ላይ ከፊት 45፣ ከኋላ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ባለ 40 ሚሊሜትር ላይ ደግሞ ከፊት 55፣ ከኋላ 60 ፒኤስአይ ጥሩ መነሻ ነው። የኋላው የሚበዛው ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እሱ ላይ ስለሚያርፍ ነው። በጎማው ጎን ከተጻፈው ዝቅተኛና ከፍተኛ ገደብ ግን አይውጡ። ጎሚስታ ጋር ሲያስሞሉ ጥቂት በጥቂት እንዲሆን ይጠይቁ፤ ለመኪና የተሠራው መጭመቂያ ትንሹን የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል።

አዲሱ ጎማ ከቀድሞው ስለሚያንስ ብስክሌቱ በአንድ ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ኩርባ ላይ ፔዳሉ መሬት እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ርቀት መቁጠሪያ ካለዎት የጎማውን ዙሪያ እንደ አዲስ ለክተው ያስተካክሉት፤ አለበለዚያ ከእውነተኛው የበለጠ ርቀት ያሳይዎታል። የኋላው ጎማ ቀድሞ ያልቃል። በዚያን ጊዜ ደህና ያለውን የፊት ጎማ ወደ ኋላ አዛውረው አዲሱን ከፊት ይግጠሙ፤ መሪው ያለበት ጎማ ሲያንሸራትት ነጂው ሚዛኑን መልሶ የሚያገኝበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።