ከሰፈር ጨዋታ ወደ መድረክ፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች መሥራት

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ መሀል ከተማ እስኪደረስ ታክሲ ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ለስታንድአፕ (ብቻን መድረክ ላይ ቆሞ ቀልድ ለማውራት) ጀማሪ የሥራ ሰዓት ነው። በቀን 5 ነገር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ረዳቱ ያለውን፣ ተሳፋሪው የመለሰለትን፣ እናንተን ያበገናችሁን። «ዛሬ ታክሲ ውስጥ ተሳቀ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። የተባለው ቃል እንዳለ ይጻፍ፤ ሳቁ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

በሳምንት 35 ይሆናሉ። ለጓደኛ አውሩትና «እንዴት ማለት?» ያላለባችሁን 4 ወይም 5 ብቻ አስቀሩ።

ከባዱ ሥራ የቃላት ቅደም ተከተል ነው። ይህን ተመልከቱ፦ «ጎረቤቴ ጀሪካን ሊዋሰኝ ሌሊት ሲያንኳኳ፣ ውሃ መጣች ብሎ ሊቀሰቅሰኝ መስሎኝ መረቅኩት።» ጀሪካኑ ገና ከመነሻው ስለወጣ ቀሪው ተራ ወሬ ሆነ። አሁን ደግሞ፦ «ውሃ የመጣች ለት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጎረቤቴ አንኳኳ። እንዳያመልጠኝ ሊቀሰቅሰኝ ነው ብዬ እየመረቅኩት ከፈትኩ። ለካ ጀሪካኔን ሊዋስ ነው!» አማርኛ ነገሩን የሚያስረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ይህ ለቀልደኛ ትልቅ ስጦታ ነው። አድማጩን ወደ አንድ ግምት ውሰዱት፣ ግምቱን የሚያፈርሰውን ቃል ወደ መጨረሻው ግፉት፣ ከዚያ በኋላ ዝም በሉ። «አያችሁ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ማብራራት ሊፈነዳ የነበረውን ሳቅ ያፍነዋል።

በቃል የምትጫወቱ ከሆነ ለሚጠብቅና ለሚላላ ፊደል ተጠንቀቁ። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ይናገራል። አዳራሹ የሚያስተጋባ ከሆነ ልዩነቱ ይጠፋልና እዚያ ቃል ላይ ቀስ በሉ።

ማይኩን ከአፋችሁ 2 ወይም 3 ጣት ያህል አርቃችሁ ያዙ። የማይኩን ጭንቅላት በመዳፍ መሸፈን ድምፁን ያፍናል፣ ብዙ ጊዜም ያስጮኸዋል። ባዶ ማቆሚያውን ወደ ኋላችሁ አስቀምጡት፤ ፊት ለፊት ከቆመ ከታዳሚው ይጋርዳችኋል። 3 ደቂቃውን ጮክ ብላችሁ በሰዓት ስትለኩ 2 ደቂቃ ተኩል ላይ ይለቅ፤ ቀሪው የሳቅ ቦታ ነው። ሳቁ ጨርሶ እስኪጠፋ አትጠብቁ፣ መውረድ ሲጀምር ቀጥሉ። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ፈርቶ ይቸኩልና የራሱን ሳቅ ይረግጣል።

ጎረቤት ላይ የተሠራ ቀልድ ጎረቤቱ ጆሮ ይደርሳል፣ በተለይ በአንድ ብሎክ ለሚኖር። ፎቁን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ቁጥር ቀይሩ። ቀልዱ በአንድ ብሔር አነጋገር ብቻ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ ሰው ያቆስላል፣ እናንተንም ከመመልከት ያሰንፋል።

መጀመሪያ ልደት ወይም የሰፈር ወጣቶች ዝግጅት ላይ ሞክሩት፣ በስልክም ቅዱት። አንድ ቀልድ በአንድ ዝግጅት ብቻ ካልተሳቀበት ቀረጻውን ሰምታችሁ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። ሦስት የተለያየ ቦታ ዝም ከተባለ አውጡትና በሌላ ማስታወሻ ተኩት።