ለክሬምና ለግራጫ ግድግዳ የሚስማማ የጣሪያ ቀለም አመራረጥ

ክሬም ወይም ግራጫ ግድግዳ ማንኛውንም ጣሪያ የሚቀበል ቢመስልም፣ ቀለሙ ወደ ምን እንደሚያደላ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል፤ ወደ ቢጫ ለሚያደላ ክሬም ቡናማ ወይም የሸክላ ቀይ ቆርቆሮ፣ ወደ ሰማያዊ ለሚያደላ ግራጫ ደግሞ ጠቆር ያለ ግራጫ ይስማማል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ብርዳማው ደብረ ብርሃን ጠቆር ያለ ጣሪያ የፀሐይን ሙቀት መሳቡ እምብዛም አያስቸግርም፤ በቆላማው ሸዋ ሮቢት ግን ሙቀቱን የሚመልሰውን ፈካ ያለ ቀለም ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በሱቅ መብራት የተመረጠ ቆርቆሮ ደጅ ሲወጣ መልኩ ስለሚለወጥ፣ ቁራጭ ናሙና ወስዶ ከግድግዳው ጋር በማስጠጋት ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማየት ይገባል፤ ይህን ሳያደርጉ ገንዘብ መክፈል አይገባም። የቤቱ መሠረት በጥቁር ድንጋይ የተገነባ ከሆነ ከድንጋዩ ጋር የሚቀራረብ ጥቁር ግራጫ ጣሪያ ቤቱን ከላይና ከታች ያያይዘዋል። አሸንዳውም የጣሪያውን ቀለም ቢይዝ ይመረጣል።