በሞርሞን ጉባኤ ውስጥ ለተጠራጠረ አማኝ፦ ነገሩ ከየት ይጀመራል?

ይህን የምጽፈው በዩታ ለሚኖሩ፣ በተለምዶ ሞርሞን የምትባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን አባላት ሆነው ሳለ በልባቸው የገባውን ጥርጣሬ ለማን እንደሚነግሩት ለጨነቃቸው ወገኖቼ ነው። አንዳንዶቻችን ወደዚህ ጉባኤ የመጣነው ከወላጆቻችን እምነት ወጥተን ስለሆነ፣ ዛሬ ብንጠራጠር «ድሮም ብለን ነበር» የሚለን ዘመድ አይጠፋም፤ በሌላ በኩል ደግሞ ትዳራችንም፣ ወዳጆቻችንም፣ የልጆቻችን ባልንጀሮችም ያሉት በአጥቢያው ውስጥ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጥርጣሬ የሐሳብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በመጀመሪያ ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ለይተው በወረቀት ላይ ይጻፉት። የታሪክ ጥያቄ ነው፣ የትምህርት ነው፣ ወይስ ሰው ያደረሰብዎት ጉዳት? በሰው የቆሰለ ልብ መጽሐፍ በማንበብ አይድንም፤ የታሪክ ጥያቄም «ጸልይበት» በሚል መልስ ብቻ አይዘጋም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እስከ 1978 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአፍሪካ ዘር ያላቸው ወንዶች ክህነት (በዚህች ቤተክርስቲያን ለተራው ወንድ አባልም የሚሰጥ ነው) እንዳይቀበሉ፣ ሴቶቹም ወንዶቹም ዋና ዋናዎቹን የቤተመቅደስ (ከእሁዱ መሰብሰቢያ የተለየ፣ በፈቃድ የሚገባበት ቅዱስ ቤት) ሥርዓቶች እንዳይፈጽሙ ይከለክል የነበረው ደንብ ነው። ለጥቁር አባት ይህ ተራ የታሪክ ጥያቄ አይደለም፤ ልጁ አንድ ቀን የሚጠይቀው ነው።

ንባብዎን ቤተክርስቲያኒቱ ራሷ ከ2013 እስከ 2015 ባወጣቻቸው ጽሑፎች ይጀምሩ። ስለ ክህነቱ ክልከላ፣ ስለ ብዙ ሚስት ጋብቻ እና ከቤተክርስቲያኒቱ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ አንዱ፣ ስለ መጽሐፈ አብርሃም፣ ትርጉም ይናገራሉ፤ ጥቁር ቆዳ የእርግማን ምልክት ነው የሚለውን የቀድሞ አስተምህሮም በግልጽ ይክዳሉ። የመጨረሻው መልስ እዚያ አለ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የትዳር ጓደኛዎ ያለ ፍርሃት አብሮዎት ሊያነባቸው ይችላል። ምናልባት «ጥርጣሬህን ተጠራጠር» የሚል ምክር ይሰጥዎት ይሆናል። ቃሉ ከቤተክርስቲያኒቱ ከፍተኛ መሪዎች አንዱ የሆኑት ዲየተር ኡክዶርፍ በጥቅምት 2013 በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከተናገሩት የተወሰደ ነው፤ በዚያው ንግግር ግን የቤተክርስቲያኒቱ መሪዎች የተሳሳቱባቸው ጊዜያት እንደነበሩም አምነዋል። ሁለቱም አብረው ቢነገሩ ለተጠራጠረው ሰው መተንፈሻ በሆነለት ነበር።

ከሰው ሁሉ አስቀድመው ለትዳር ጓደኛዎ ይንገሩ፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ምሽት አያፍስሱ። እኔ ለብዙ ሌሊት ብቻዬን ሳነብ ከርሜ፣ አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያነበብኩትን ሁሉ በባለቤቴ ፊት ዘረገፍኩት። እርሷ የልብስ ማጠፉን ሳታቋርጥ ቆይታ በመጨረሻ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ታዲያ እኔና አንተ ምን ልንሆን ነው?» በቤተመቅደስ የታሰረ ጋብቻ ለዘላለም ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ እኔ ስለ ታሪክ ስናገር እርሷ የሰማችው የቃል ኪዳናችንን መፍረስ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ «ከአንቺ ጋር ነኝ» የሚል ይሁን፤ የቀረው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሊነገር ይችላል።

የቡናውን ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። የጥበብ ቃል የሚባለው ሕግ ቡናን ስለሚከለክል፣ የተጠራጠረ ሰው በአጥቢያው ፊት የሚጠጣት የመጀመሪያዋ ስኒ እንደ አዋጅ ትቆጠራለች፤ ውሳኔዎ ገና ሳይበስል በስኒ አያውጁት። በእናትዎ ቤት ግን ቢጠጡም ባይጠጡም ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ይበሉ፣ ቆሎውን ይዝገኑ፣ ጭሱን ያሽትቱ። እናቶቻችንን የሚያስከፋቸው ስኒው አለመነሳቱ ሳይሆን ተነስተን መሄዳችን ነው።

ከዚያ ወደ ኤጲስ ቆጶሱ ይሂዱ። ይህ ማዕረግ በእኛ ጆሮ መስቀል የጨበጡ አባትን ያስታውሳል፤ እዚህ ግን ያለ ደመወዝ ለጥቂት ዓመታት የሚያገለግል፣ በሥራ ቀን ጥርስ ሐኪም ወይም የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ጎረቤትዎ ነው። የታሪክ ክርክር ይፈታልኛል ብለው አይጠብቁ። የሚፈልጉትን ለይተው ይጠይቁት፦ ከማስተማር ኃላፊነት ወደ ሌላ አገልግሎት መዛወር፣ ወይም የነገሩት ነገር ከእርሱ ጋር እንዲቀር።

ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሁድ፣ በጾሙ ቀን፣ አባላት እየተነሱ «ቤተክርስቲያኒቱ እውነተኛ እንደሆነች አውቃለሁ» ብለው ይመሰክራሉ። ሰውን ከጉባኤው ውስጥ ሳለ ብቸኛ የሚያደርገው ይህ «አውቃለሁ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። ነገር ግን ከቤተክርስቲያኒቱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው የትምህርትና ቃል ኪዳኖች 46ኛ ክፍል ለአንዳንዶች ማወቅ፣ ለሌሎች ደግሞ በእነርሱ ቃል ማመን እንደተሰጠ ይናገራል። በማርቆስ ወንጌል 9 የታመመው ልጅ አባትም «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ እንጂ አውቃለሁ አላለም። ስለዚህ «ተስፋ አደርጋለሁ» ማለት የሚችሉ ከሆነ ያንኑ ይበሉ፤ ዝም ማለትም ይፈቀዳል። የማያምኑትን መመስከር ግን ቀስ በቀስ ልብን ያደነድናል።

ሠርግ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ የቤተመቅደስ መግቢያ ፈቃድ የሌለው ሰው፣ ወላጅ እንኳ ቢሆን፣ ሥርዓቱን ማየት አይችልም። ለፈቃዱ በሚደረገው ቃለ መጠይቅ ሠርግ እንዳያመልጥዎት ብለው አይዋሹ። ከግንቦት 2019 ጀምሮ ሙሽሮች ሁሉም ሰው በተገኘበት አስቀድመው ተጋብተው፣ እንደ ቀድሞው አንድ ዓመት መጠበቅ ሳያስፈልጋቸው ወደ ቤተመቅደስ መግባት ስለሚችሉ፣ ይህን ከልጅዎ ጋር ቀኑ ሳይቆረጥ ይነጋገሩበት።

የልጅ ጥምቀትም እንዲሁ ነው። ልጆች የሚጠመቁት 8 ዓመት ሲሞላቸው ሲሆን፣ ክህነት ያለው አባት የመግቢያ ፈቃድ ባይኖረውም ኤጲስ ቆጶሱ የገዛ ልጁን እንዲያጠምቅ ሊፈቅድለት ይችላል። ልጅዎ ሰባት ዓመት ሲሞላው ሄደው ይጠይቁ።