ለትንሽ ሱቅ ማስታወቂያ ቻትቦትን እንዴት ማዘዝ ይቻላል?

ታላቅ እህቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባልትና ትሸጣለች። ምጥን ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ። ከደንበኞቿ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ። ትእዛዝ በቴሌግራም ትቀበላለች፣ ክፍያው በቴሌብር ይገባላታል፣ ዕቃውን በአውቶቡስ ትልካለች። ሥራው ላይ እሳት ናት። ማስታወቂያ መጻፍ ላይ ግን እጇ ይከብዳል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቻትቦት (ለምትጽፉለት ነገር በጽሑፍ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ከፍታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ለሽሮ ማስታወቂያ ጻፍልኝ።»

የመጣላት መልስ ይህ ነበር፦

«ጣፋጭና ጤናማ ሽሮ ይፈልጋሉ? እንግዲያውስ ወደ እኛ ይምጡ! በጥራቱ ተወዳዳሪ የሌለው፣ በባህላዊ መንገድ የተዘጋጀው ሽሮአችን ለቤተሰብዎ ደስታን ያመጣል። ዛሬውኑ ይዘዙን!»

ሰዋስዉ ደህና ነው። ግን የእሷ ሱቅ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ቃል የለበትም። ሐዋሳ ያለ ሰው ቢለጥፈው ያስኬዳል፤ መቀሌ ያለም እንዲሁ። ይህ የሆነው ቻትቦቱ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ቻትጂፒቲም ይሁን ጀሚናይ ወይም ክሎድ፣ እነዚህ መሣሪያዎች ያልነገራችኋቸውን የሚሞሉት ከብዙ ሰው ጽሑፍ በተማሩት፣ በጣም በተለመደው አባባል ነው። ሦስት ቃል ከሰጣችሁት የሚመልሰው የሁሉንም ሰው ማስታወቂያ ነው። የእናንተ እንዲሆን የእናንተ ነገር መግባት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ከእህቴ ጋር ደጋግመን ሞክረን የደረስንበት አካሄድ ነው። ማር ለምትሸጡም፣ ጤፍ ለምትነግዱም፣ ልብስ ለምትሰፉም ያገለግላል።

1. ቻትቦቱን ከመክፈታችሁ በፊት ራሳችሁን አድምጡ

ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው፤ ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይህን አትዝለሉት። ነጋዴ ማስታወቂያ ጻፍ ሲባል አፉ ይተሳሰራል፤ ደንበኛ ፊቱ ሲቆም ግን የሚናገረውን ያውቃል። ስለዚህ አንዲት ደንበኛ «ይሄ ሽሮ ከዚያኛው በምን ይለያል?» ብላ ስትጠይቅ እህቴ የመለሰችውን በስልኬ ቀረጽሁት፦

«ሽምብራና አተር ነው፤ ባቄላ የለበትም። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ደርቆ አብሮ ተፈጭቷል፤ ማታ ደክሞሽ ስትገቢ ውኃና ዘይት ብቻ ይበቃዋል። ለሁለት ሰው አንድ ሲኒ አድርጊ። በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠሽ ጣጂው፣ አይጓጉልም።»

ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ ግን ስንት ነገር አለበት! ባቄላ እንደሌለው፣ ሽንኩርት መክተፍ እንደማያስፈልግ፣ ልኩ በሲኒ፣ የአሠራሩ ዘዴ። ከዚህ ውስጥ ቻትቦቱ በራሱ ሊያውቀው የሚችለው አንድም የለም። እናንተም ዕቃችሁን ለደንበኛ ስታስረዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቅረጹና ቃል በቃል ጻፉት። አታሳምሩት። ያላማረው ነው የሚሸጠው።

2. ለአንድ ሰው ጻፉ እንጂ ለሕዝብ አትጻፉ

«ደንበኛህ ማን ነው?» ሲባል «ሁሉም ሰው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እህቴም እንደዚያ ነበር ያለችው። ቁጭ ብለን ትእዛዞቿን ስናይ ግን ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ወጣ። አንዷ አዲስ አበባ ለብቻዋ ተከራይታ የምትኖር፣ ከሥራ አምሽታ የምትገባ ወጣት ናት፤ ድሮ እናቷ ከጎጃም ትልክላት ነበር፣ አሁን ግን መግዛት ጀምራለች። ሌላዋ እዚያው ደብረ ማርቆስ ያለች ባለትዳር ናት፤ ሽሮዋን ቤቷ ታዘጋጃለች፣ የምትገዛው በርበሬ ነው፤ እሱንም አሽትታ፣ ቀለሙን አይታ፣ ዋጋ ተከራክራ።

ለእነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ማስታወቂያ አይሆንም። ለመጀመሪያዋ ድካሟን የሚያቀልላት ነገር ይነገራታል፤ ለሁለተኛዋ በርበሬው የየት እንደሆነ፣ ዘሩ ወጥቶ እንደተፈጨ ወይም እንዳልወጣ ይነገራታል። ለቻትቦቱ ሁለት የተለያየ ትእዛዝ ጻፉ።

3. የት እንደሚለጠፍ ንገሩት

ይህ አጭር ነው። ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ሥር የሚሄድ ጽሑፍ በነጻው አገልግሎት ከ1024 ፊደልና ምልክት ማለፍ አይችልም፤ ቲክቶክ ላይ ደግሞ የሚነበብ ሳይሆን የሚነገር ነው የምትፈልጉት። «ለቲክቶክ፣ በ20 ሰከንድ ጮክ ብዬ የምናገረው» ማለት በቂ ነው። የዐረፍተ ነገር ብዛት ስጡት፤ «አጭር ይሁን» ካላችሁት አጭር የሚለው ለእሱና ለእናንተ አንድ አይደለም።

4. አንቱታን፣ ሰዓትንና ቀንን አስቀድማችሁ ወስኑ

አማርኛ ላይ ቻትቦት በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። የተማረው ጽሑፍ አብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በ«እርስዎ» ጀምሮ በ«አንቺ» ሲጨርስ አይቻለሁ። እኛ አገር ታላቅን አንተ ማለት ምን ያህል እንደሚያስቀይም የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እሱ አያውቀውም። ወጣትም ትልቅም የሚያነበው ከሆነ «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእናንተ ጻፍ» በሉት። ጥሩ መሸሸጊያ ነው፤ ጾታም ዕድሜም አይነካም።

ሰዓት ላይ ደግሞ እህቴ ተጎድታለች። ሱቋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንደሚከፈት ነግራው፣ እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ተረድቶ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን» የሚል ጽሑፍ ሰጣት። ሳታይ ለጠፈችው፤ ደንበኞች ደውለው «ሌሊት ነው እንዴ የምትሸጪው?» አሏት። ስለዚህ ትእዛዙ ውስጥ «ሰዓቱን እኔ እንደጻፍሁት አስቀምጥ፣ አትቀይር» የሚል መስመር አይጠፋ።

በዓልም እንዲሁ። የገና ማስታወቂያ ስናሠራው «ታኅሣሥ 25» ብሎ ጻፈ፤ ታኅሣሥ 29 መሆኑን እኛ ነን ያስተካከልነው። ዓመተ ምሕረት ከጠቀሰም በ7 ወይም በ8 ዓመት የሚበልጠውን የፈረንጆቹን ቁጥር ሊጽፍላችሁ ይችላል። ቀኑን ራሳችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉለት።

5. የማይባለውን ጻፉለት

ብዙ ሰው የሚፈልገውን ይነግረዋል፣ የማይፈልገውን ግን አይነግረውም። እህቴ በርበሬዋን የምታስመጣው ከቡሬ ነው። ቻትቦቱ «ከማረቆ የመጣ ምርጥ በርበሬ» ብሎ ጻፈላት። ማረቆ በበርበሬ የታወቀ ስም ስለሆነ ነው እንጂ ማንም አልነገረውም። አንድ ገዢ ቢጠይቅ ምን ልትል ነው? ያልተናገራችሁትን መነሻ፣ ያልተሸለማችሁትን ሽልማት፣ ያልቆጠራችሁትን የደንበኛ ብዛት በልበ ሙሉነት ይጽፍላችኋል። «ከሰጠሁህ መረጃ ውጭ ምንም አትጨምር» የምትለዋ መስመር ብዙ ታድናለች።

የጤና ጉዳይም አለ። ማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል የሚል ቃል ሲያይ «ለስኳር ሕመም ይረዳል፣ ደም ያጠራል» ማለት ይወዳል። አታውጡት። አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው፤ ከሕጉም በላይ ግን የታመመ ሰው አምኖ መድኃኒቱን ቢተው ማን ይጠየቃል?

ሌላው ጾም ነው። የባልትና ገበያ የሚደምቀው በጾም ነው፤ የ55 ቀኑ ሁዳዴ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ፍልሰታ። ቻትቦቱ ግን ለሁዳዴ ሽሮ «በንጥር ቅቤ አጣፍጣችሁ» ሊላችሁ ይችላል። «የጾም ማስታወቂያ ነው፤ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ የሚል እንዳይገባ» ብላችሁ ጻፉ።

6. አንድ ላይ አድርጋችሁ ላኩት

የእህቴ ትእዛዝ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። ገልብጣችሁ የእናንተን አስገቡበት፦

«ደብረ ማርቆስ ባልትና የምሸጥ ሴት ነኝ። ለቴሌግራም ቻናሌ፣ ከፎቶ ሥር የሚሄድ ጽሑፍ ጻፍልኝ፤ ከሰባት አጭር ዐረፍተ ነገር አይብለጥ። አንባቢዋ አዲስ አበባ ለብቻዋ የምትኖር፣ ከሥራ አምሽታ የምትገባ ወጣት ናት። ስለ ሽሮው ለደንበኛ የምናገረው ይህ ነው፦ (እዚህ ላይ የቀዳነው ንግግሯ ገባ)። ማክሰኞ እልካለሁ፣ ረቡዕ ይደርሳል። ዋጋውን እኔ ስለምሞላው ባዶ ቦታ ተው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእናንተ ጻፍ። አነጋገሬን አትቀይረው፤ የመጽሐፍ አማርኛ አታድርገው። በጥያቄ አትጀምር። ጣፋጭ፣ ተወዳዳሪ የሌለው፣ ዛሬውኑ የሚሉትን ቃላት አትጠቀም። ስለ ጤና ምንም አትበል። ከሰጠሁህ ውጭ አትጨምር። የጎደለህ መረጃ ካለ ከመጻፍህ በፊት ጠይቀኝ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልብ በሏት። ቻትቦቱ «በስንት ኪሎ ነው የሚታሸገው? ማጓጓዣውን የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሁለቱንም ደንበኞቿ ሁልጊዜ ይጠይቋት ነበር፤ በግማሽ ኪሎና በኪሎ ታሽጋለች፣ ማጓጓዣው የገዢ ነው። ከመለሰችለት በኋላ የመጣው ይህ ነው፦

«ከደብረ ማርቆስ የመጣ ምጥን ሽሮ። ሽምብራና አተር ብቻ ነው፤ ባቄላ የለበትም። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ አብሮ ተፈጭቷል፤ ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ ውኃና ዘይት ይበቃዋል። በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ጣዱት፣ አይጓጉልም። ለሁለት ሰው አንድ ሲኒ። ማክሰኞ እንልካለን፣ ረቡዕ ይደርሳችኋል፤ ማጓጓዣው የገዢ ነው። ግማሽ ኪሎ … ብር፣ ኪሎ … ብር።»

ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። እህቴ ስታነበው «ይሄማ እኔ ነኝ» አለች።

7. ስታርሙት ጣታችሁን ቃሉ ላይ አድርጉ

አሁንም አንድ ስህተት አለበት፤ አያችሁት? «ሽምብራና አተር ብቻ ነው» ይልና ወዲያው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አለበት ይላል። እህቴ «ብቻ» አላለችም፤ እሱ ነው የጨመረው። እንዲህ ያለውን ስታዩ «አልወደድሁትም፣ አሻሽለው» አትበሉ፤ ሁሉንም ያፈርስና እንደገና ይጽፋል፣ ጥሩ የነበረውም አብሮ ይሄዳል። እህቴ የጻፈችው «ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ብቻ የሚለውን ቃል አውጣ፣ ሌላውን አትንካ» የሚል ነው። በአንድ ጊዜ አንድ እርማት ስጡ።

መነሻው ደብዛዛ ከሆነባችሁ ደግሞ «የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ በሦስት መንገድ ጻፈው» በሉት፤ ከሦስቱ አንዱ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ከመለጠፋችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አፋችሁ የተደናቀፈበት ቦታ እናንተ የማትሉት ነገር ነው፤ በእጃችሁ ቀይሩት።

8. የደንበኛ መረጃ አታስገቡበት፤ ለቻትቦቱ የጻፋችሁትን ትእዛዝ ግን አስቀምጡት

ለትእዛዝ የመጡ መልእክቶችን እንዳሉ ገልብጦ «መልስ ጻፍልኝ» ማለት ይቀናል። ስም፣ ስልክ ቁጥርና የክፍያ ደረሰኝ አውጡበት። የሰው አደራ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ጥያቄውን ብቻ ብትሰጡት መልሱ አይጎድልም።

ለቻትቦቱ ጽፋችሁ የተሳካላችሁን ትእዛዝ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ መልእክት አድርጋችሁ ላኩት። ኔትወርክ በሌለ ሰዓት እዚያው ላይ አዘጋጅታችሁ መስመር ሲመጣ መላክ ትችላላችሁ። የግእዝ ፊደል ለኮምፒውተር ከላቲኑ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አማርኛ ቻትቦቱን በነጻ የምትጠቀሙበትን ገደብ ቶሎ ሊጨርስባችሁ ይችላል፤ ከባዶ እየጀመሩ ደጋግሞ ከመሞከር የተዘጋጀውን መላክ ይሻላል።

እህቴ ለበርበሬው ስትጠቀምበት የቀየረችው አራት መስመር ነው። አንባቢዋ ደብረ ማርቆስ ያለች ባለትዳር ሆነች። በንግግሯ ቦታ «የቡሬ በርበሬ ነው፣ ዘሩ ወጥቷል፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ በቅመም ተደልዟል፣ መጥታችሁ አሽትቱት» የሚል ገባ። የመላኪያው ቀን ወጥቶ ሱቁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንደሚከፈት ተጻፈ፤ ሥሩም «ሰዓቱን እኔ እንደጻፍሁት አስቀምጥ፣ አትቀይር» ተባለ።