ሎዌልን እንዴት እንያት፦ የአንዲት ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ታሪክ በእግርና በመዝገብ

ቦስተን አካባቢ ያላችሁ ወይ ለዘመድ ጥየቃ የመጣችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ካገኛችሁ ሎዌል ሂዱ። ከኖርዝ ስቴሽን በባቡር አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። አሜሪካ እንዴት የፋብሪካ አገር እንደሆነች በእግር እየዞሩ ለማየት ከዚ የተሻለ ቦታ አላውቅም፣ ግን እንዲሁ ከሄዳችሁ ቀይ ጡብ አይታችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ነው የምትመለሱት። ስለዚ ከውሃው ጀምሩ፣ ከዛ ያገኛችሁትን ተቋም ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሁን ሆስፒታል ወይ ትምህርት ቤት፣ ይሄን ያቆመው ኩባንያው ነው ወይስ ሠራተኛው ብላችሁ ጠይቁ። ይቺ ጥያቄ ከተማዋን ትከፍትላችኋለች። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃው ማለት ፓውታኬት ፏፏቴ ነው። ሜሪማክ ወንዝ እዛ ጋ 10 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከተማዋ የተወለደችው ከዚ ነው። በ1796 ግንድና ጀልባ ፏፏቴውን ዞሮ እንዲያልፍ ቦይ ተቆፍሮ ነበር፣ ፋብሪካ ገና የለም። በኋላ ፍራንሲስ ካቦት ሎዌል የሚባል የቦስተን ነጋዴ እንግሊዝ ሄዶ፣ እንግሊዞች ማሽኑም ፕላኑም ካገር እንዳይወጣ ከልክለው ስለነበር የሽመና ማሽኑን አሠራር በጭንቅላቱ ይዞ ተመለሰና ቦስተን አጠገብ ባለችው ዋልታም ላይ ጥጥ ገብቶ ጨርቅ ሆኖ የሚወጣበት ፋብሪካ ከሸሪኮቹ ጋር አቆመ። እሱ በ1817 ሞተ፣ ትልቅ ውሃ ፍለጋ እዚህ የመጡትና ስሙን ለከተማዋ የሰጡት ሸሪኮቹ ናቸው። ሜሪማክ ማኑፋክቸሪንግ በ1822 ተቋቋመ፣ በዓመቱ ጨርቅ ማውጣት ጀመረ፣ በ1836 ሎዌል በይፋ ሲቲ ተባለች። ፋብሪካዎቹ የውሃ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከቦይ ኩባንያው ስለነበር ውሃውን የያዘ ከተማዋን ያዘ ማለት ይቻላል።

ፏፏቴውን ካያችሁ በኋላ የቦዩ መቆጣጠሪያ በር ወዳለበት ጋርድ ሎክስ ውረዱ፣ ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ቦታ ነው፣ እናንተ እንዳታልፉት። የቦዮቹ ዋና ኢንጂነር ጄምስ ፍራንሲስ (ፍራንሲስ ተርባይን የሚባለው በውሃ ኃይል የሚሽከረከር ማሽን ስሙን ያገኘው ከሱ ነው) የድሮ የጎርፍ ታሪክ አጥንቶ በ1850 ቦዩ ላይ ግዙፍ የእንጨት በር ሰቀለ። ሰው ሳቀበት፣ የፍራንሲስ ቂልነት ነው ብለው ስም አወጡለት። በ1852 ጎርፉ መጣ፣ በሩን የያዘውን ብረት በመሮ ቆርጠው ለቀቁት፣ ከተማዋ ተረፈች። በ1936ም ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ ያው በር እንደገና ወረደ። ቆማችሁ ስታዩት ስንት ሰው በዛ በር ምክንያት እንደተረፈ አስቡት።

ቦዮቹን የቆፈሩት በብዛት አይሪሾች ናቸው። በ1822 ሂዩ ከሚስኪ የሚባል ሰው ወደ 30 የሚሆኑ ሠራተኞችን ይዞ ከቻርልስታውን በእግር ነው የመጣው። ኩባንያው ለሴቶቹ ሠራተኞች ማደሪያ ሲሠራ ለነሱ አልሠራም፣ ኤከር በሚባለው ሰፈር በየጎጇቸው ሰፈሩ። እዚህ ጋ ጥያቄያችሁን አምጡ። ቅድስት አን ቤተ ክርስቲያንን ያሠራው ኩባንያው ነው፣ ለማስተዳደሪያውም ከሠራተኛው ደሞዝ ይቆረጥ ነበር፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ብትሆን። ቅዱስ ፓትሪክ ግን በ1831 የአይሪሾቹ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቆመ፣ መሬቱን ግን የሰጠው ኩባንያው ነው። አያችሁ፣ መልሱ ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። በኋላ የመጡት ግሪኮች በዛው ኤከር ውስጥ የራሳቸውን ትልቅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል፣ ጉልላቱን ከሩቅ ታዩታላችሁ፣ ለኛ ሰው ደስ የሚል ነው ግቡ።

ከዛ ቡት ሚልስ፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነው የድሮ የጥጥ ፋብሪካ። ምድር ቤቱ ላይ 88 የሽመና ማሽን ያለበት ክፍል አለ፣ የሚሠሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱ ሲነሱ ራሱ ወለሉ በእግራችሁ ስር ይንቀጠቀጣል፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ እንጂ ድምፁ አይሰማም። የጆሮ መድፈኛ ይሰጧችኋል፣ ግን ለአንድ ደቂቃ ያህል አውጥታችሁ ስሙት። ሴቶቹ እዚህ ውስጥ በሳምንት በአማካይ 73 ሰዓት ይሠሩ ነበር፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች፣ በደወል ተነስተው በደወል የሚተኙ። አጠገቡ ባለው የማደሪያ ቤት ደግሞ አንድ አልጋ ለሁለት እንዴት ይተኙ እንደነበር ታያላችሁ። (በብርዱ ወቅት ሙዚየሙ የሚከፈትበት ሰዓት ስለሚቀንስ ቀድማችሁ አረጋግጡ።)

ሴቶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1834 ደሞዝ ሊቀነስ ሲል 800 የሚሆኑ ሴቶች ሥራ አቁመው ወጡ፣ በ1836 ደግሞ የማደሪያ ሂሳብ ሲጨመር እንደገና አድማ ሆነ። ከዛ ማኅበር አቋቋሙ፣ ሣራ ባግሊ መሪ ሆነች፣ የሥራ ቀኑ 10 ሰዓት ይሁን ብለው ከ2,000 በላይ ፊርማ ሰብስበው በ1845 ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤት አሉ፣ ምክር ቤቱም ይሄ የኔ ሥራ አይደለም ብሎ መለሳቸው። ሕጉ የወጣው በ1874 ነው። በዛ ዘመን ሴት ድምፅ መስጠት አትችልም፣ ምክር ቤት ፊት ቀርባ መመስከሯ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ይሄን ስታነቡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ሠራተኞቹ የሚጽፉበት ሎዌል ኦፈሪንግ የሚባል መጽሔት ነበር፣ ደስ ይላል፣ ባግሊ ግን ለኩባንያው ያደላል ብላ ተቃውማዋለች። የሠራተኛው ጋዜጣ ቮይስ ኦፍ ኢንዱስትሪ ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ።

ጥጡ ከየት መጣ የሚለውንም አትርሱ። በደቡብ በባርነት የተያዙ ሰዎች የለቀሙት ነው፣ ሎዌልም ሸካራውን ጨርቅ ሸምና ለነሱው ልብስ እንዲሆን መልሳ ለእርሻ ጌቶቹ ትሸጥ ነበር። እዚህ ከተማ ነፃ ደሞዝተኛና ባሪያ በአንድ ክር የተያያዙ ናቸው፣ ይሄን ሳያዩ ሎዌልን አየሁ ማለት ይከብዳል። የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ በኋላ እኛም አገር አቡጀዲ ሆኖ ገብቷል፣ የአሜሪካ መልእክተኛው ስኪነር በ1903 ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም ይሄ ገበያ በሐሳቡ ነበር።

ፋብሪካዎቹ በ1920ዎቹ መዘጋት ጀመሩ፣ ሥራው ወደ ደቡብ ሄደ። ከተማዋን ያነሳት ታሪኳ ነው፣ በ1978 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነች። የድሮው የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ቤት (1895) ዛሬ የዩማስ ሎዌል ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የካምቦዲያ ስደተኞች መጡ፣ ሱቅና ቤተ መቅደስ ከፈቱ፣ በ2022 ከነሱ ወገን የሆነው ሶካሪ ቻው ከንቲባ ሆነ። ምሳችሁን እነሱ ጋ ብሉ።

መዝገቡን ቤት ሆናችሁ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ የድሮ ማደሪያ ቤት አድራሻ ምረጡና በከተማው ዳይሬክተሪ (የነዋሪው ስምና አድራሻ የሚዘረዘርበት መጽሐፍ ነው፣ ከ1832 ጀምሮ አለ) በየዓመቱ ማን እንደኖረበት ተከተሉ፣ ከዛ ከ1850 የሕዝብ ቆጠራ ጋር አስተያዩት፣ ያ ቆጠራ የቤተሰቡን ሁሉ ስም፣ ዕድሜና የትውልድ ቦታ መጻፍ የተጀመረበት ነው። ሳንቦርን የሚባሉት የእሳት መድን ካርታዎች ደግሞ የሕንፃውን ቅርፅ ያሳዩዋችኋል፣ ኮንግረስ ላይብረሪ በነፃ አስቀምጧቸዋል። የ1890ውን ቆጠራ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፣ በ1921 እሳት ከደረሰበት በኋላ አብዛኛው ጠፍቷል፣ ለነዛ ዓመታት ዳይሬክተሪው ላይ ብቻ ተማመኑ።